ከጃንደረባው ሠረገላ እስከ እጅ ስልካችን፦ ቅዱሳት መጻሕፍት እንዴት ደረሱን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው የዐቢይ ጾም በሰንበት ትምህርት ቤታችን የቅዳሜ ጉባኤ ላይ አንድ ወጣት እጁን አውጥቶ ያቀረበው ጥያቄ ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት ሆኗል። ወጣቱ የጠየቀው በድፍረት ሳይሆን በቅንነት ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈው በግ ለሚጠብቁ፣ መረብ ለሚጥሉ፣ በነገሥታት ጥላ ሥር ለኖሩ ሰዎች መሆኑን፣ እርሱ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ሒሳብ ሲሠራ የሚውል ሰው መሆኑን ተናገረና፣ «ታዲያ ለእኔ ለዛሬው ሰው ምን ይነግረኛል?» አለ። መምህራችን አልገሠጹትም። «ለመሆኑ መጽሐፍ ቅዱስ አለህ?» ብለው ጠየቁት። «ስልኬ ላይ አለ» ብሎ መለሰ። «እስከ ስልክህ ድረስ ማን አመጣልህ?» አሉት። ለዚህ እርሱም እኛም መልስ አልነበረንም።

ብዙ ጊዜ ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ጥቅም ስንነጋገር ወዲያውኑ ወደ ምክርና ወደ ተግሣጽ እንሄዳለን። እዚህ ግን ታሪኩን ማስቀደም መርጠናል። የወጣቱ ጥያቄ በውስጡ አንድ ግምት ይዟል፤ ቅዱሳት መጻሕፍት የተረጋጋ ዘመን ሰዎች ንብረት ነበሩ፣ እኛ ግን ጥድፊያ በሞላበት፣ ስደት በበዛበት፣ ሥራ ፋታ በማይሰጥበት ዘመን እንኖራለን የሚል ግምት። መጽሐፉን ተቀብለው ያስተላለፉልን ሰዎች ግን እነማን እንደ ነበሩ ስንመለከት ግምቱ አይጸናም።

ከመጀመሪያው እንጀምር። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ የምናገኘው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ እረኛም ዓሣ አጥማጅም አልነበረም። የንግሥት ሕንደኬን ግምጃ ቤት በሙሉ የሚያስተዳድር፣ በዛሬ አነጋገር የገንዘብና የሒሳብ ሰው ነበረ። ለመስገድ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ፣ ሥራው ወደሚጠብቀው ቤተ መንግሥት በመመለስ ላይ ሳለ፣ መንገድ ላይ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ወንጌላዊው ፊልጶስ ንባቡን መስማቱን ልብ እንበል፤ በዚያ ዘመን ልማድ ሰው ብቻውንም ቢሆን ድምፁን አሰምቶ ያነብ ነበርና። ፊልጶስ ቀርቦ የሚያነበው ነገር ይገባው እንደ ሆነ ጠየቀው። ይህ ባለ ሥልጣን፣ ሠረገላ ያለው፣ በዚያ ዘመን ለጥቂቶች ብቻ የሚቻለውን የመጽሐፍ ጥቅልል በእጁ የያዘ ሰው፣ የሚመራው ሳይኖር ሊገባው እንደማይችል አመነ፤ በእግሩ የመጣውን መንገደኛ ከጎኑ እንዲቀመጥ ለመነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ይህን ታሪክ ሲያስተምሩ ስለ ጥምቀቱ ብቻ ሳይሆን ስለዚህች ትሕትና ደጋግመው ይናገራሉ። መጽሐፉ በእጅ ነበረ፤ የጎደለው አስተማሪ ነበረ።

ከዚያ በኋላ ሦስት መቶ ዓመት ያህል አልፎ፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት የገባው ወንጌል የመጣው በማን እጅ ነው? በምርኮኛ እጅ። ፍሬምናጦስ ገና በልጅነቱ በቀይ ባሕር ዳርቻ መርከባቸው ተይዞ አብረውት የነበሩት ሲገደሉ፣ ከወንድሙ ጋር ተርፎ በባዕድ አገር ያደገ ሰው ነው። በኋላ ወደ እስክንድርያ ሄዶ በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀብሎ ተመለሰ፤ ከሣቴ ብርሃን አባ ሰላማ ተባለ። በንጉሥ ኢዛና ገንዘቦች ላይ የመስቀል ምልክት መታተሙ የዚህ ለውጥ ምስክር ነው። ቅዱሳት መጻሕፍት ከግሪክ ወደ ግእዝ መመለስ የጀመሩት በአክሱም ዘመን ነው። በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ6ኛው መጀመሪያ ገደማ ከውጭ የመጡት ተስዓቱ ቅዱሳን በዚህ የትርጉም ሥራ ታላቅ ድርሻ እንደ ነበራቸው ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። እነርሱም አገራቸውን ትተው የመጡ ናቸው። ቋንቋውን ተምረው፣ በሌሎች ቋንቋ ጸልየው፣ ለሌሎች ልጆች መጽሐፍ አስቀሩ።

ከዐድዋ ብዙም ሳይርቅ በሚገኘው በአባ ገሪማ ገዳም የተጠበቁት ወንጌላት የዚህ ዘመን ቅርስ ናቸው። በብራናው ላይ በተደረገ የራዲዮካርቦን ምርመራ መጻሕፍቱ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጁ መሆናቸው ታውቋል፤ ስለዚህም በዓለም ላይ ካሉ በሥዕል ያጌጡ ጥንታውያን ወንጌላት መካከል ይቆጠራሉ። የገዳሙ ትውፊት ደግሞ አባ ገሪማ ወንጌሉን በአንድ ቀን ጽፈው ይጨርሱ ዘንድ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንደ ዘገየችላቸው ይናገራል። የቤተ ሙከራውም የትውፊቱም ነገር ለየራሱ ይቆይና፣ አንድ ነገር ግን ሁለቱም ይመሰክራሉ፤ ይህ መጽሐፍ ከአሥራ ሦስት መቶ ዓመት በላይ በእሳት፣ በጦርነት፣ በምስጥና በዝናብ መካከል ሲያልፍ በየትውልዱ የሚሸሽግለት ሰው ነበረው።

ብራና ማዘጋጀት ምን ያህል ድካም እንዳለው አይተን ከሆነ የምንናገረው ነገር ይበልጥ ይገባናል። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ይነከራል፣ በእንጨት ማዕቀፍ ላይ ይወጠራል፣ ሥጋውና ጠጉሩ ይፋቃል፣ በድንጋይ ታሽቶ ይለሰልሳል፣ ይደርቃል፣ ይቈረጣል፣ መስመር ይሰመርበታል። ጸሓፊው በመቃ ብዕር፣ ራሱ ባዘጋጀው ጥቁር ቀለም ፊደል በፊደል ይጽፋል፤ የጌታችንና የእመቤታችን ስም ሲደርስ ብዕሩን ለውጦ በቀይ ቀለም ይጽፋል። አንድ መጽሐፍ ብዙ ቆዳና ብዙ ወራት ይፈልጋል። ወንጌል የሚያጽፍ ሰው ከብቱንና መሬቱን ሸጦ ያጽፍ የነበረው፣ በመጨረሻው ገጽም ለጸሓፊውና ለአጻፊው ጸልዩ የሚል ልመና የሚተው፣ ስለዚህ ነው። እነዚያን የመጨረሻ ገጾች ማንበብ ዛሬም ልብ ይነካል፤ ስማቸውን ብቻ የምናውቃቸው ሰዎች ከመቶ ዓመታት በፊት ሆነው ጸሎታችንን ይለምኑናል።

ይህ ከሆነ መጽሐፍ የሌለው ምእመን እንዴት ይኖር ነበር? በጆሮው ይኖር ነበር። በቅዳሴያችን የሐዋርያው ጳውሎስ መልእክት በዲያቆኑ፣ ሌሎቹ የሐዋርያት መልእክታት በንፍቁ ዲያቆን፣ የሐዋርያት ሥራ በረዳቱ ካህን፣ ከምስባኩ በኋላም ወንጌል በካህኑ ይነበባል። የዕለቱን ንባብ የሚወስነው ግጻዌ ነው። ስለዚህ ፊደል ያልቈጠረች እናት ሠላሳ ዓመት ቤተ ክርስቲያን ብትመላለስ፣ አንድም መጽሐፍ ሳይኖራት ቅዱሳት መጻሕፍትን ዓመት በዓመት ሰምታለች። ንባቡ በግእዝ ሲሆን ሁሉን ትረዳ ነበር ማለታችን አይደለም፤ ይህን ጉድለት አባቶችም ያውቁት ነበር፣ ወደ እርሱም እንመለሳለን። የሰሙን ሕማማት ሰንብተው ግብረ ሕማማት ሲነበብ ያደጉ ግን የጌታን መከራ ከአንደበታቸው የማይጠፋ አድርገው ይዘውታል።

በቤት ውስጥ ደግሞ ዳዊት ነበረ። ፊደል የቈጠረ ልጅ መልእክተ ዮሐንስንና ወንጌለ ዮሐንስን አንብቦ ወደ ዳዊት ይሻገራል፤ «ዳዊት ደገመ» ከተባለ የንባብ ትምህርቱን አጠናቀቀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ገበሬም ሆነ ነጋዴ፣ ወታደርም ሆነ ዳኛ፣ መዝሙረ ዳዊት የዕድሜ ልክ ጓደኛው ይሆናል። መቶ ሃምሳው መዝሙር ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ የየዕለቱ ድርሻ ይጸለያል። መጽሐፉ በቆዳ ማኅደር ተከቶ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል፤ ገበያ ይወርዳል፣ ሙግት ቤት ይቀመጣል፣ ዘመቻ ይሄዳል። የዛሬውን ስልክ የሚመስል ነገር ብንፈልግ ከዚህ ማኅደር የሚቀርብ አይገኝም፤ ልዩነቱ፣ ማኅደሩ ሲከፈት ከዳዊት በቀር ሌላ የሚወጣ ነገር አልነበረውም።

አሁን ወደ ስደተኛው መነኩሴ ወደ ተስፋ ጽዮን እንለፍ። በግራኝ አሕመድ ጦርነት ዘመን አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ሲቃጠሉ ከብዙ ብራናዎቻችን ጋር ብዙ ሊቃውንትም አለቁ። ከደብረ ሊባኖስ የወጣው ተስፋ ጽዮን በእጁ ያሉትን መጻሕፍት ይዞ ሮም ደረሰ፤ በዚያ በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም በሚጠራው የኢትዮጵያውያን ማረፊያ ተቀመጠ። የግእዝ መዝሙረ ዳዊት ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1513 በዚያው ከተማ ታትሞ ነበር፤ አሳታሚው ጀርመናዊ ግእዝን «ከለዳዊ» ብሎ ቢጠራውም ለሥራው ምስጋና አንነፍገውም። ተስፋ ጽዮን ከሁለት ወንድሞቹ ከተንሥአ ወልድና ከዘሥላሴ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 የግእዝ ሐዲስ ኪዳንን አሳተመ። ለአንባቢ በጻፉት ማሳሰቢያ ስሕተት ቢገኝ ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ የሚያትሙት ሰዎች ግእዝ ማንበብ አይችሉም፣ እነርሱ ደግሞ ማተም አያውቁም፣ ስለዚህ ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ ሆነው መሥራታቸውን ይገልጣሉ። ከሁሉም የሚያስደንቀው፣ በእጃቸው በነበረው ቅጂ የሐዋርያት ሥራ ጎደሎ ስለ ነበረ አብዛኛውን ክፍል ከላቲንና ከግሪክ መመለሳቸው ነው። የጃንደረባው ታሪክ የሚገኝበትን መጽሐፍ፣ አገራቸው እየነደደ፣ በባዕድ ከተማ ተቀምጠው መልሰው ሞሉት።

ስለ መጽሐፈ ሄኖክም እግረ መንገዳችንን እንጥቀስ። በሐዲስ ኪዳን የይሁዳ መልእክት የሚጠቅሰው ይህ መጽሐፍ በሌላው ዓለም ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ሳለ፣ በሰማንያ አሐዱ መጻሕፍቶቻችን ውስጥ ተቈጥሮ በግእዝ ሙሉ ሆኖ ቆይቷል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ ወደ አውሮፓ ሲመለስ የምዕራብ ሊቃውንት ተደነቁ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የአራማይክ ቁርጥራጮቹ ሲገኙም የመጽሐፉ ጥንታዊነት ተረጋገጠ። መጽሐፉን ያቆዩት ግን ለምርምር ብለው አልነበረም፤ ያነቡት ስለ ነበር ነው።

ቀደም ብለን ወደ ተውነው ጉድለት፣ ወደ ቋንቋው ጉዳይ እንመለስ። ግእዝ የሕዝቡ የዕለት መነጋገሪያ መሆኑ ከቀረ በኋላ ሊቃውንቱ ሕዝቡን ዝም ብለው አልተዉትም። ንባቡን በግእዝ ጠብቀው ትርጓሜውን በአማርኛ አወረዱት። አንድምታ የምንለው ይህ ነው፤ በተለይ በጎንደር ዘመን ተስፋፍቶና ተደራጅቶ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል ሲወርድ ቆይቷል። መምህሩ ንባቡን ይሰማል፣ ይተረጕማል፣ ከዚያም «አንድም» እያለ ሌላውን ምሥጢር፣ ሌላውን ታሪክ፣ ሌላውን ምሳሌ ይጨምራል። ምሳሌዎቹን ያየ ሰው ከእርሻው፣ ከገበያው፣ ከሙግቱ፣ ከቤተ መንግሥቱ ሥርዓት የተወሰዱ መሆናቸውን ይመለከታል። ለዚህ ጸሓፊ እንደሚመስለው፣ ለወጣታችን ጥያቄ ከሁሉ የቀረበው የአባቶች መልስ ይህ ነው። መጽሐፉ ለእኔ ዘመን ምን ይላል የሚለው ጥያቄ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም፤ ለእርሱ ሲባል ሙሉ ጉባኤ ቤት ተሠርቷል፤ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መጽሐፈ መነኮሳት ተብሎ በአራት ተከፍሎ ሰዎች ብዙ ዓመታት ተቀምጠው ተምረውታል።

መላው መጽሐፍ ቅዱስ በጽሑፍ ወደ አማርኛ የተመለሰው ደግሞ ከአገር ውጭ፣ በአንድ በሽተኛ መንገደኛ እጅ ነው። አቡ ሩሚ ይባላል፤ ብዙ አገር ዞሮ በመጨረሻ በካይሮ ታሞ የወደቀ ኢትዮጵያዊ ነበር። በዚያ የነበረው የፈረንሳይ ቆንስል አስላን ደ ሼርቪል አስታመመው፤ ዕውቀቱንም ባየ ጊዜ ትርጉሙን አብረው ጀመሩ። ዐሥር ዓመት ሙሉ ቆንስሉ በየማክሰኞውና በየቅዳሜው በሩን ለሌላ እንግዳ ዘግቶ ከአቡ ሩሚ ጋር ተቀመጠ። ሥራው ሲያልቅ 9,539 ገጽ የእጅ ጽሑፍ ነበረ። አቡ ሩሚ ከዚያ በኋላ ኢየሩሳሌምን ተሳልሞ ተመለሰና በካይሮ በወረርሽኝ ሞተ፤ የጻፈው ነገር ታትሞ አላየም። ጽሑፉን የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1820 ገዝቶ፣ በ1824 ወንጌላትን፣ በ1829 ሐዲስ ኪዳንን፣ በ1840 መላውን መጽሐፍ አሳተመ።

ይህ እትም በሚሲዮናውያን እጅ ስለ ገባ ሊቃውንቶቻችን በጥርጣሬ ማየታቸው አያስደንቅም፤ ከሰማንያ አሐዱም የጎደሉ መጻሕፍት ነበሩበት። ጥርጣሬያቸው ተገቢ ምክንያት ነበረው ብለን እናምናለን። ይሁን እንጂ ያንን ሰው ከታሪካችን ልናወጣው አይገባም፤ በባዕድ ከተማ፣ ከሕመም ተነሥቶ፣ ዐሥር ዓመት ለማያያቸው ሰዎች የጻፈ የአገራችን ልጅ ነው። በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትእዛዝ ሊቃውንት ተሰብስበው የተረጐሙት መጽሐፍ ቅዱስ በ1954 ዓ.ም. ታተመ፤ በየቤታችን መደርደሪያ የምናገኘው፣ ብዙዎቻችን ቃሉን በአእምሯችን የያዝነው በዚያ አማርኛ ነው።

እንግዲህ እንቍጠራቸው፤ የግምጃ ቤት ሹም፣ ምርኮኛ ሕፃን፣ አገራቸውን የተዉ መነኰሳት፣ ከጦርነት የሸሸ ስደተኛ፣ በሰው አገር ታሞ የወደቀ መንገደኛ። ከእነዚህ መካከል የተረጋጋ ኑሮ የነበረው ማን ነው? ዛሬ በአረብ አገራት በሰው ቤት ስትሠራ ውላ ሌሊት በጆሮ ማዳመጫ መዝሙረ ዳዊት የምትሰማ እኅታችን ለተስፋ ጽዮን ከእኛ ይልቅ ትቀርበዋለች። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ልጆቻችን አማርኛው እየራቃቸው ሲሄድ ወላጆችና ካህናት የሚጨነቁበት ጉዳይም የጎንደር ሊቃውንት የተጨነቁበት ያው ጉዳይ ነው፤ ንባቡን ሳይለቁ ልጁ በሚሰማው ቋንቋ እንዴት «አንድም» ይባል? ልጆቹ ቋንቋ ስላልቻሉ ብቻ ከመጽሐፉ የሚርቁ ከሆነ ተወቃሾቹ እነርሱ አይደሉም።

የእኛ የከተሞቹ ፈተና ግን ሌላ ነው። አባቶች አንድ ወንጌል ለማጻፍ ከብት ሸጡ፤ እኛ በስልካችን ግእዙንም አማርኛውንም ያለ ዋጋ ይዘናል፤ በድምፅ እንኳ ይነበብልናል። እንግዲህ እጥረቱ ከመጽሐፍ ወደ ጊዜና ወደ ጆሮ ተዛውሯል። ሌላም አለ፤ ብቻችንን የምናነብ ሆነናል። አንድ ጥቅስ ከመካከል ተመዝዞ፣ በሥዕል አጊጦ በማኅበራዊ መገናኛ ይደርሰናል፤ ከፊቱ ምን አለ፣ ከኋላው ምን ይከተላል፣ ሊቃውንት እንዴት ተረጐሙት ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በጥቅስ የሚከራከሩ ወንድሞች ምዕራፉን አንብበው እንደ ሆነ ስንጠይቃቸው ዝም ሲሉ አይተናል፤ እኛም ብዙ ጊዜ እንደዚሁ ነን። ጃንደረባው ከእኛ የሚበልጠው በዚህ ነው፤ ሙሉውን መጽሐፍ ይዞ፣ ድምፁን አሰምቶ፣ በጉዞ ድካም መካከል እያነበበ፣ አልገባኝም ለማለት አላፈረም።

ያ ወጣት በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሶ መጣ። መምህራችን የጃንደረባውን ታሪክ ነገሩት፤ የሒሳብ ሰው መሆኑን ሲሰማ ፈገግ አለ። ከዚያም ጃንደረባው ያነበው የነበረውን ቦታ አውጥተህ አሰማን አሉት። ስልኩን አወጣ፤ ባትሪው አልቆ ነበር። ሁላችንም ሳቅን፣ እርሱም ሳቀ። መምህሩ የራሳቸውን መጽሐፍ፣ ጀርባው በጨርቅ የተጠገነውን፣ ኢሳይያስ ምዕራፍ 53 ላይ ከፍተው ሰጡት። ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ። ሦስተኛው ቍጥር ላይ ሲደርስ መምህሩ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙትና «አንድም…» ብለው ጀመሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።